ገና በ27 ዓመት ኑዛዜ?

ደሴ፣ ከእኛ ቤት ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ፣ አንድ ባጃጅ አጥር ጥግ ቆሞ ነበር። ሰማያዊ ሸራ አልብሰውታል። የፊት ጎማው ተንፍሶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ባለቤቱ የ27 ዓመት ልጅ ነበር። ታመመ ሲባል ሰማን፣ በሳምንቱ አረፈ። ቅሬው (ዕድሩ) ድንኳን ጣለ፣ ሰፈሩ አልቅሶ ቀበረው፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ባጃጁ ግን እንደቆመ ቀረ።

ሊብሬው በሟች ስም ነው። ሚስቱ «የእኔም ላብ አለበት» አለች። እናቱ «ልጄ የሚጦረኝ በሱ ነበር» አሉ። ለመግዣው ብር የጨመረለት ጓደኛው ደግሞ አንዲት ወረቀት የለውም። ከሦስቱ አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ልጁ ምን ፈልጎ እንደነበር የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሸራው ሳይነሳ ሁለት ክረምት አለፈ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ባጃጅ ነው። እኩዮቼን ስለ ኑዛዜ ሳነሳባቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ገና ልጅ ነኝ፣ ደግሞስ ምን አለኝ?» ይላሉ።

ኑዛዜ የሽማግሌ ነገር አይደለም እንዴ?

ቃሉ ራሱ ያስፈራል። ኑዛዜ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አልጋ ላይ የተኛ አዛውንትን፣ ከራስጌው የተቀመጡ የነፍስ አባትን ወይም ሼህን ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ኑዛዜ ማለት ሰው በሕይወት ሳለ፣ ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚሆንና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ የሚገልጽበት ሰነድ ነው። 18 ዓመት የሞላውና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሁሉ መናዘዝ ይችላል። ሀብታም መሆን አይጠበቅበትም።

ኑዛዜ ብቻውን ግን አይበቃም። ያለንን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ያበደርነውንና የተበደርነውን በጽሑፍ ማድረግ፣ ንብረትን በትክክለኛው ሰው ስም ማዞር፣ ለልጅ አሳዳሪ ማሰብ፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። አጠቃላይ ሐሳቡ ከሞት በኋላ የሚመጣውን በሕይወት ሳሉ መልክ ማስያዝ ነው።

«ሟርት ይሆንብኛል» የሚል አለ። ይገባኛል። እናቴም መጀመሪያ ስነግራት «አፍህ ላይ አታምጣው» ነበር ያለችኝ። ግን ለቅሬ መዋጮ ስንከፍል ማንም ሟርት ነው አይለንም። ለቀብር የሚሆነውን አስቀድመን እያዋጣን ነው። ኑዛዜም ከዚያ የተለየ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን የወጣን ሰዎች ደግሞ ሞት ዕድሜ እየጠየቀ እንደማይመጣ ማንም ሊነግረን አይገባም።

ምን አለኝና?

ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የባንክ ደብተር አለ። ቴሌብር ላይ ያለ ብር አለ። ሳይወጣ የቆየ ዕቁብ አለ። ከደመወዝ እየተቆረጠ የተገዛ የባንክ አክሲዮን አለ። ባጃጅ፣ ሞተር ወይም የሱቅ ዕቃ ይኖራል። በማኅበር የተመራችሁበት ቦታ ይኖራል። ከእናት ወይም ከአባት የመጣና ያልተከፋፈለ የውርስ ድርሻም ንብረት ነው። ለጓደኛ ያበደራችሁትም የናንተ ነው።

የወጣት ንብረት ከሽማግሌው ንብረት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የአባቶቻችን ሀብት ይታያል። ቤቱም፣ በሬውም፣ መሬቱም አገር ያውቀዋል፣ ጎረቤት ይመሰክራል። የኛ ግን ተበታትኖ ስልክ ውስጥ፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ደብተር ላይ፣ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ድንገት ብናልፍ የሚጠፋው የኛ ነው።

ለምሳሌ ብድርን እንይ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመኑ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር! ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን በመተማመን ብቻ 80 ሺህ ብር ያበደረ ልጅ ቢሞት፣ ቤተሰቡ አሥር የሰው ምስክር ቢደረድር አይጠቅመውም። ከባጃጁ ጋር የተያያዘው ጓደኛም የገጠመው ይኸው ነው። ብድሩ እውነት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በወረቀት ግን የለም።

ሳልናዘዝ ብሞት ማን ይወርሰኛል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኑዛዜ ያልጻፈ ሰው ንብረቱ ያለ ባለቤት አይቀርም። ሕጉ የራሱን ተራ አውጥቷል፣ ያ ተራ ደግሞ የሟችን ፍቅርና ውለታ አይጠይቅም።

ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልጆች፣ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ይወርሳሉ። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ ልዩነት የለውም፣ በጉዲፈቻ ያደገም ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ አባትና እናት እኩል ለሁለት ይካፈላሉ። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ከሞተ የሱን ድርሻ የሱ ልጆች፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ይወስዳሉ። ወላጅም ወንድምም እህትም ከሌለ ወደ አያቶች ይሄዳል። ጭራሽ ወራሽ ከጠፋ ለመንግሥት ይሆናል።

ባልና ሚስት የት አሉ? የሉም። ያለ ኑዛዜ ሲሞት ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሷ ነውና ያንን ታገኛለች። ከእሱ ግማሽ ግን በውርስ የሚደርሳት የለም። ከጋብቻ በፊት የገዛው ከሆነማ ከነጭራሹ ድርሻ የላትም። እጮኛ ደግሞ በሕግ ፊት ባዕድ ናት።

ወደ ባጃጁ እንመለስ። ልጁ ልጅ አልወለደም። አባቱ ቀድመው ሞተዋል፣ ከሌላ ሴት የወለዷቸው ሁለት ልጆችም አሏቸው። ሟች ሌላ ወንድምና እህት የለውም። ባጃጁ የተገዛው በትዳር ውስጥ ነው እንበልና ዋጋው 400 ሺህ ብር ይሁን፣ ዕዳው ለጊዜው ይቆይ። 200 ሺሁ የሚስቱ ነው። ከቀረው 100 ሺሁ የእናቱ ይሆናል። ሌላው 100 ሺህ በአባቱ በኩል ወርዶ ምናልባት ሁለት ጊዜ እንኳ ላላገኛቸው ለነዚያ የአባቱ ልጆች ይደርሳል። ሰውየው እንዲህ እንዲሆን ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ላይፈልግም ይችላል። ብዕር አንስቶ አንድ ገጽ ቢጽፍ ኖሮ የሱ ቃል ይሆን ነበር።

የበለጠ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አባት ጥሎ ሄዶ እናት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ሲሞት፣ በሕጉ ተራ ያ አባት ከእናቱ እኩል ግማሽ ይወስዳል። ወላጅ ሁለቱም ካሉ ደግሞ ጎጆ ሳትቀልስ ወንድሟን ያስተማረች ታላቅ እህት ምንም አታገኝም። ልጅ የሌለው ሰው ግን ንብረቱን በኑዛዜ ለፈለገው መስጠት ይችላል። ልጅ ያለው ግን ልጁን ዝም ብሎ ሊዘለው አይችልም። ከውርስ ነቅያለሁ ካለ በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም መግለጽ አለበት።

በሸሪዓስ?

ወሎ ላይ ይህን ሳያነሱ ስለ ውርስ ማውራት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ መንገድ ይከፍታል። ቁልፉ ቃል «ከፈቀዱ» ነው። አንዱ ወራሽ አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

የሸሪዓው አካሄድ የተለየ ነው። ከቀብር ወጪ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ ወሲያ፣ ማለትም የሟች ኑዛዜ፣ ይፈጸማል። ወሲያ ግን ከንብረቱ ከሲሶ አይበልጥም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ በቀር ለወራሽም አይደረግም። የቀረው በታወቀው ድርሻ ይከፋፈላል። ሚስት እዚህ ወራሽ ናት። ልጅ ካለ ስምንተኛውን፣ ከሌለ ሩቡን ታገኛለች። ወንድ ልጅ የሴት ልጅ እጥፍ ይወስዳል።

በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች ባሉበት አገራችን ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሸሪዓው ደንብ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ዘመዳሞች እርስ በርስ አይወራረሱም። ሙስሊሙ ወንድም ለክርስቲያኗ እህቱ የሚያስብላት ከሆነ የወሲያው ሲሶ ለዚህ ያገለግላል። ለብዙ የወሎ ቤተሰብ ይህች ሲሶ ትልቅ ነገር ናት፣ ግን ሰውየው ካልተናገረ አትሠራም። የምታምኗቸውን ሼህም፣ ጠበቃም ሁለቱንም ጠይቁ።

አረብ አገር ያለችው እህታችንስ?

ከወሎ መንደሮች ስንት ሴት ልጅ ጂዳና ሪያድ እንዳለች እናውቃለን። ሰባት ዓመት ሠርታ ትልካለች። በላከችው ብር ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ ቤት ይቆማል። ቤቱ በማን ስም ነው? አብዛኛውን ጊዜ በወንድም ወይም በአባት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰው መናዘዝ የሚችለው የራሱን ነው። በወንድሟ ስም የተመዘገበን ቤት ለእናቷ ብትናዘዝ ኑዛዜው ባዶ ነው የሚሆነው። ወንድሟ ቢሞት ደግሞ ቤቱን የሚወርሱት የሱ ልጆች ናቸው፣ እሷ «ገንዘቡ የኔ ነው» ብላ ማስረዳት ይጠበቅባታል። የላኩበትን ደረሰኝ ሁሉ አለመጣል፣ ሲቻል በራስ ስም ማድረግ፣ ካልሆነ ከወንድም ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ነው መፍትሔው። ወንድምን መጠርጠር አይደለም። እሱ በሕይወት ሳለ ሁሉም ነገር ደህና ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው እሱ የሌለ ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ውክልና ኑዛዜ አይደለም። «ለእናቴ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻታለሁ» ብላ የምትተማመን ብዙ ናት። ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ያበቃል። በጣም በሚያስፈልግበት ቀን የለም ማለት ነው።

በኢሞ የተላከ ቮይስም ኑዛዜ አይሆንም። ልብ የሚሰብር መልእክት ቢሆን እንኳ ሕጉ የሚያውቃቸው የኑዛዜ ዓይነቶች ሦስት ብቻ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይጻፋል?

ለወጣት በጣም ቀላሉ በራስ እጅ የሚጻፈው ነው። ምስክር አይፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሳችሁ እጅ ይጻፋል። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያርፋል። በኮምፒውተር አስጽፎ ከታች መፈረም ብቻ ችግር ያመጣል፤ ስለዚህ እስክሪብቶ አንሱ። እንዲህ ብሎ መጀመር ይበቃል፦

«ይህ የእኔ ኑዛዜ ነው። እኔ እገሌ፣ የደሴ ከተማ ነዋሪ፣ በሙሉ ፈቃዴና አእምሮዬ የሚከተለውን ተናዝዣለሁ። በስሜ ያለውን ባጃጅ ድርሻዬን ለባለቤቴ፣ ባንክ ያለኝን ገንዘብ ለእናቴ ሰጥቻለሁ። ከጓደኛዬ ከእገሌ 60 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ፣ ከሁሉ በፊት ይከፈል።»

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በ25 ዓመቱ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ሰው በ33 ዓመቱ ኑዛዜ የለውም።

ሁለተኛው በምስክር ፊት የሚደረገው ነው። ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለተረሳች የሚወድቅ ኑዛዜ አለ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም የውልና ማስረጃ ሹም በሥራው ላይ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል። ስጦታ የሚደርሰውን ሰው ምስክር አታድርጉ፣ በኋላ ክርክር ይከፍታል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፣ በሁለት ምስክር ፊት። ሰው ሁሉ የሚተማመንበት እሱን ነው፣ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችና ስለ ልጆች ሞግዚትነት ብቻ ነው። ያውም ሦስት ወር ካለፈው ይፈርሳል። «ቤቱን ለታናሼ ብያለሁ» ብሎ በቃል የሞተ ሰው በሕግ ፊት እንዳልተናዘዘ ነው።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙም አይጸናም። ለየብቻ ይጻፍ። ደግሞ ኑዛዜ አያስርም። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የድሮውን ቀድዳችሁ ሌላ መጻፍ ትችላላችሁ። በተለይ ልጅ ሲወለድ እንደገና ጻፉት፣ ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅ የቀድሞውን ሊያናጋው ይችላልና።

ትንሽ ልጅ ካለኝስ?

እንግዲያውስ ለልጁ ስትሉ ጻፉ። ወላጅ በኑዛዜው ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ሊመርጥ ይችላል። አሳዳሪ ልጁን የሚያሳድገው ነው፣ ሞግዚት ገንዘቡንና ንብረቱን የሚጠብቅለት። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ባይሆኑም ይቻላል። ልጅ የምትወድ አክስት ገንዘብ መያዝ ላትችል ትችላለች። አባትና እናት አንድ መኪና ውስጥ የሞቱ ቀን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ልጁን ወዲያና ወዲህ ሲሳሳቡት ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። አንዱ በሕይወት ካለ ማሳደጉ የሱ ነው፤ ምርጫው የሚሠራው ሁለቱም ከሌሉ ነው።

የገጠር መሬቱና ጡረታውስ?

እነዚህ ሁለቱ በራሳቸው ሕግ ይሄዳሉ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው። በክልላችን ይህ የሚመራው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ካለ ሁለቱም ባለይዞታ ናቸው። ከመናዘዛችሁ በፊት የወረዳችሁን መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ መሬት ለማን እንደሚተላለፍ የራሱ መስፈርት አለው።

ጡረታ በኑዛዜ አይሰጥም። ሕጉ ራሱ ተተኪዎቹን ይጠራል፤ እነሱም ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና በሟች ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። የአገልግሎት ዘመኑ አበል የሚያስገኝ ከሆነ ለባል ወይም ለሚስት የሚደርሰው የሟች አበል 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ ማኅደር ላይ የትዳር አጋራችሁና የልጆቻችሁ ስም መመዝገቡን አረጋግጡ። ሳያገቡ የሞሉትን ፎርም አግብተው ያላስተካከሉ ብዙ ናቸው።

ጽፌ የት ላስቀምጠው?

አንዱን ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ አስቀምጡ። ቅጂውን ቤት፣ ከንብረት ዝርዝሩ ጋር። ዝርዝሩ ላይ የባንኮቹ ስም፣ የአክሲዮኑ፣ የዕቁቡ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ፣ ያበደራችሁትና የተበደራችሁት ይግባ። የሚስጥር ቁጥር አትጻፉበት። ወራሾች ባንክ ሲሄዱ የሚጠየቁት ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፣ የትኛው ባንክ እንደሚሄዱ ካወቁ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

ከዚያ ለአንድ ሰው ንገሩ። ምን እንደጻፋችሁ ሳይሆን የት እንዳለ። እኔ የእኔን ለእናቴ ነው ያሳየኋት። ያኔ «አፍህ ላይ አታምጣው» ያለችው እናቴ ፖስታውን ተቀብላ ገለበጠችው፣ ሳትከፍተው። በ2014 ስንወጣ በነጠላ ጠቅልላ ከደረቷ ያልለየቻቸው ወረቀቶች፣ የቤቱ ካርታና የአባቴ የሞት ማስረጃ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከነሱ ሥር አስገባችውና ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችው። በማግስቱ ታናሽ እህቴን ጠርታ ሣጥኑን አሳየቻት።